ደንገጎ ላይ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ምን ይጠይቅ?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው አስፋልት ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሶ ደንገጎ ላይ ብቅ ሲል አየሩ ይለወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን ከተማ ሙቀት ከኋላው ትቶ የመጣ ሰው፣ ከመኪና እንደወረደ ጋቢ የሚያስመኝ ነፋስ ይቀበለዋል። ስለዚህ የቤት ኪራይ የከበደው፣ ጡረታ የወጣ ወይም ልጆቹን ከሙቀቱ ማራቅ የፈለገ የድሬዳዋ ነዋሪ በእርከን የተሠራውን የጫት ማሳ እያየ "እዚህ አንድ ሁለት መቶ ካሬ ባገኝ" ብሎ ቢመኝ አይገርምም። በተመሳሳይ ሐሳብ ወደ ቀርሳና ወደ ሐረማያ፣ ቆላውን የማይጠሉት ደግሞ ወደ መልካ ጀብዱና ወደ አስተዳደሩ የገጠር ቀበሌዎች የሚያማትሩ ብዙ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ግብሩ ስንት ነው?" ብለው ነው። ቀጥሎ "ምን ያህል ፎቅ ይፈቀዳል?" ይላሉ። ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። የግብሩም ሆነ የግንባታ ፈቃዱ መልስ የሚወሰነው መሬቱ በሕግ ፊት የከተማ ነው ወይስ የገጠር፣ የሚተዳደረውስ በማን ነው በሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ ስለ ግብር መነጋገር ያልተወለደ ልጅ ስም እንደማውጣት ነው።

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት አድርጎታል። ሰው ገዛሁ ሲል የገዛው በላዩ ያለውን ቤትና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው፤ ይህ መብት ደግሞ በከተማና በገጠር አንድ ዓይነት አይደለም። የከተማው በ2004 በወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለ መያዝ በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721 የሚመራ ሲሆን፣ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት የሚዘልቅ ውል ያለው፣ ካርታ የሚሰጥበት፣ ቤት ከተሠራበት በኋላ በሕጋዊ መንገድ ለሌላ የሚተላለፍ ነው። የገጠሩ መብት ግን የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ሲሆን፣ የዛሬው የፌዴራል ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው። ገበሬው ይዞታውን ለልጁ ያወርሳል፣ በሕጉ መሠረት ያከራያል፤ አይሸጥም።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው የአስተዳደሮቹ መቀራረብ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ተጓዡ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 ከተቋቋመውና ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ከሆነው የድሬዳዋ አስተዳደር ተነስቶ፣ የኦሮሚያን ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን አቋርጦ፣ ሐረሪ ክልል ይገባል። በሰሜን በኩል ወደ ሽንሌ ያቀና ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ሶማሌ ክልል ውስጥ ነው። አራቱም የየራሳቸው የመሬት ቢሮ፣ የየራሳቸው ደንብና መመሪያ፣ የየራሳቸው የገቢ ቢሮ አላቸው። ሰው ሲናገር ሁሉንም "እዚሁ ድሬ" ይበል እንጂ፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ጽሕፈት ቤት የት እንዳለ ሳያውቅ ገንዘብ የከፈለ ሰው ክርክር ሲነሳ አቤት የሚልበትን ደጅ እንኳ ለማግኘት ይቸገራል።

ወደ ግብሩ ስንመጣ፣ ለብዙ ዓመታት የከተማ ሰው "የጣሪያና ግድግዳ" እያለ የሚከፍለው ግብር መሠረቱ የ1968ቱ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። የቤቱ ግምት ለዘመናት ሳይታደስ ስለቆየ ክፍያው በአብዛኛው ስሙ ብቻ የቀረ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ታሪክ የለወጠው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ነው። አዋጁ የከተማ መሬት የመጠቀም መብትንና ሕንፃን ለየብቻ ያሰላል፤ ለመሬት የመጠቀም መብቱ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ምጣኔ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ምጣኔው የሚያርፈው ከንብረቱ ዋጋ 25 በመቶው ላይ ነው። ይህ የፌዴራል ማዕቀፍ ነው፤ በዚህ ወሰን ውስጥ የትኛው ቁጥር እንደሚያዝ የሚወስኑት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው።

በቁጥር እንየው። ሕንፃው 4 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። ታክስ የሚሰላበት 25 በመቶው 1 ሚሊዮን ብር ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ የዓመቱ ክፍያ 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር ይሆናል፤ ከፍተኛው በወር ሲካፈል 833 ብር ገደማ ነው። የመሬቱ የመጠቀም መብት በዚሁ መንገድ ተሰልቶ ይጨመርበታል። ገንዘቡ ቀላል ነው ለማለት አይደለም፤ በተለይ በጡረታ አበል ለሚኖር ሰው ትልቁ ሥጋት የዛሬው ክፍያ ሳይሆን የነገው ነው፤ አስፋልት ሲገባ፣ መብራት ሲዘረጋ፣ ጎረቤት ፎቅ ሲሠራ የንብረቱ ዋጋ ይጨምራል፣ ከዋጋው ጋር ታክሱ ያድጋል፣ አበሉ ግን ባለበት ይቆያል። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ገጠር ቀመስ ከተማ ገብቶ ሲከስር ያየሁት በታክስ ምክንያት አይደለም። የከሰረው መሬቱ ላይ ነው።

በገጠር ይዞታ ላይ ይህ የንብረት ታክስ የለም። ያለው በየክልሉ ሕግ የሚሰበሰበው የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው፤ መጠኑም ከከተማው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ደላላው "እዚህ እኮ ግብር የለም ማለት ይቻላል" ሲል ውሸት እየተናገረ አይደለም። የሚደብቀው ግብሩ የቀነሰበትን ምክንያት ነው፤ ቦታው የእርሻ መሬት በመሆኑ ገዢው ምንም ዓይነት የከተማ መብት አላገኘም።

አንድ የቀድሞ ጎረቤቴን ጉዳይ ልጥቀስ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከዳገቱ በላይ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ቦታ "ገዙ"። ውሉን በፕላስቲክ ሸፍነው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ አውጥተው ሲያሳዩኝ ርዕሱ "የገንዘብ ብድር ውል" ይላል። ገበሬው 350,000 ብር መበደራቸውን፣ ገንዘቡን እስኪመልሱ ድረስ አበዳሪው በመሬቱ እንዲጠቀሙ መፍቀዳቸውን ይገልጻል። ከሥር የሦስት ምስክሮች አሻራ በሰማያዊ ቀለም ተረግጧል። መሬት መሸጥ ስለማይቻል ሽያጩን በብድር ስም መጻፉ በአካባቢው የተለመደ ነውና መምህሩ አልተጠራጠሩም። ሁለት ክፍል በብሎኬት ሠሩ፣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሰቀሉ፣ ማንጎ ተከሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ገበሬው ሲያርፉ ልጆቻቸው በሽማግሌ መጡና "አባታችን የተበደሩትን 350,000 ብር እነሆ፤ መሬታችንን መልሱልን" አሉ። ወረቀቱ የሚለውም ይህንኑ ነበር። ያ ገንዘብ በስድስት ዓመት ውስጥ የመግዛት አቅሙ ምን ያህል እንደወረደ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

መምህሩ ፍርድ ቤት ቢሄዱስ ኖሮ? ውሉ በእርግጥም ሽያጭ መሆኑን ቢያስረዱ፣ የገጠር መሬት ሽያጭ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ስለሆነ ፈራሽ ይሆናል፤ ውል ሲፈርስ ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ማለትም ያው 350,000 ብር ይመለስላቸዋል። ብድር ነው ቢሉም ሽያጭ ነው ቢሉም መጨረሻው አንድ ቦታ ነው። "ስጦታ" ተብሎ የሚጻፈውም ውል ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፤ የገጠር መሬት በስጦታ የሚተላለፈው ሕጉ ለዘረዘራቸው፣ በዋናነትም ለቤተሰብ አባላት ነውና የከተማ ደመወዝተኛ በዚያ በር አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ገበሬውም መናገር ግዴታዬ ነው። በዚህ ዓይነቱ ውል የሚጎዳው የከተማው ሰው ብቻ ተደርጎ ይወራል። የገጠር መሬት ለሕዝብ ጥቅም በቋሚነት ሲለቀቅ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለባለይዞታው የመፈናቀያ ካሣ እንዲከፈል ይደነግጋል፤ ስሌቱም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ጫት የሚያበቅል እርከን በ15 ሲባዛ ለአንድ ቤተሰብ አዲስ ሕይወት መጀመሪያ ይሆናል። ያን እርከን ቀደም ብሎ በቁርጥራጭ የሸጠ ገበሬ ግን ማሳውንም አጥቷል፣ ካሣው ሲመጣም ከገዢው ጋር ይካሰሳል። በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ርካሽነቱ ከማን ትከሻ ላይ እንደወረደ ቢያስብ እወዳለሁ።

ብዙ ሰው ራሱን የሚያጽናናበት ሌላው ነገር ደረሰኝ ነው። "ቀበሌው ግብር ተቀብሎኛል፣ ቁጥር ሰጥቶኛል፣ ስለዚህ አውቆኛል" ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ባለቤት ነው ተብሎ እንዲገመት የሚያደርገው አግባብ ያለው የአስተዳደር አካል የሰጠውን የባለቤትነት ማስረጃ ነው። የግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ያስረዳል፤ ከዚያ ያለፈ ሸክም ልናሸክመው አንችልም። ካርታ የሌለው ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ቢሰበስብ በአሥራ አንደኛው ዓመት ያው ካርታ የሌለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ፕላኑ እንሂድ። ሰው በተለምዶ ማስተር ፕላን የሚለው፣ በ2000 በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 አጠራር መዋቅራዊ ፕላን ነው። ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለቅይጥ አገልግሎት፣ የትኛው ለማምረቻ፣ የትኛው ለአረንጓዴ ሥፍራና ለመንገድ እንደተመደበ ያሳያል። ዝርዝሩን የአካባቢ ልማት ፕላን ያወርደዋል። ቦታ ሊገዛ የሄደ ሰው በዓይኑ የሚያየው የዛሬውን ሜዳ ነው፤ የፕላኑ ወረቀት ግን ያ ሜዳ ነገ ምን እንደሚሆን ይናገራል።

መልካ ጀብዱ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ገና ስትገባ የገጠር ከተማ መልክ አላት፤ ግመልና ፍየል በመንገዱ ያልፋል፣ ግቢዎቹ ሰፊ ናቸው፣ ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው። በአስተዳደር ግን ከድሬዳዋ የከተማ ቀበሌዎች አንዷ ናት፤ ስለዚህ የከተማ ታክስና የከተማ ፕላን ይመለከታታል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር ጣቢያና በ2014 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና የከተማዋን ዕድገት ወደዚያው አቅጣጫ ስበውታል። ጸጥታ ፈልጎ በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው ከአጥሩ ማዶ ያለው ባዶ መሬት በፕላኑ ላይ ምን ቀለም እንደተቀባ ማየት አለበት። የማምረቻ ወይም የመጋዘን ቀለም ከሆነ፣ ለሱቅ፣ ለምግብ ቤት፣ ለሠራተኛ ማከራያ ቤት የሚያስብ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ማንበብ ለሚመኘው ጡረተኛ ግን የከባድ መኪና መተላለፊያ ነው። ፕላን ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው ማፈናቀያ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የምደባው ነገር በግቢ ውስጥም ይከተላል። ወደ ትንሽ ከተማ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ቤት ብቻ አይደለም፤ መቶ ዶሮ፣ ሁለት የወተት ላም፣ ወፍጮ፣ በመንገድ በኩል አንዲት ሱቅ። ቦታው ለመኖሪያ ብቻ የተመደበ ከሆነ ወፍጮው ፈቃድ ሊከለከል ይችላል፤ ቅይጥ ከሆነ ደግሞ ሱቁ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ንብረቱ ሲገመት የንግድ አገልግሎቱ ታሳቢ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ከገቢ ቢሮው በፊት ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ ይበጃል፤ ቢቻል መልሱን በጽሑፍ።

ከሁሉም በላይ ግን በድሬዳዋ ዙሪያ ማንም ሊያልፈው የማይገባው የወንዝ ዳርቻ ጉዳይ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ያርፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሌሊት ያ አሸዋ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ከተማው ላይ የወረደው ዝናብ ብቻ አልነበረም ያንን ጎርፍ ያመጣው፤ ውኃው የተጠራቀመው ዛሬ ሰዎች ቦታ በሚያማርጡበት በዚያው የዳገት አናት ነበር። ከደጋው የሚወርዱት ጅረቶች ሁሉ ተፈጥሯቸው እንዲሁ ነው፤ ለወራት ይደርቃሉ፣ አንድ ሌሊት ይመጣሉ። ፕላኑ ከወንዝ ግራና ቀኝ ግንባታ የሚከለክልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ክልከላው ደግሞ ቦታውን ርካሽ ያደርገዋል፣ ርካሽነቱም ገዢ ይጠራል። ደረቅ ወንዝ ዳር "ለም አፈር" እየተባለ የሚሸጠውን ቦታ ላየ ሰው የምመክረው፣ በበጋ ሄዶ ከመዋዋል በፊት በአካባቢው የኖሩ አንዲት እናት ያ ሌሊት ውኃው የት ድረስ እንደመጣ በእጃቸው እንዲያሳዩት መጠየቅ ነው።

ስለ ግንባታ ፈቃዱ ረጅም አልጽፍም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የፕላን ስምምነትንና የግንባታ ፈቃድን ሥርዓት ዘርግቷል፤ ሕንፃዎችንም በ"ሀ"፣ በ"ለ" እና በ"ሐ" መድቧል። በዚያ አዋጅ ምደባ ባለ አንድ ወለል ተራ መኖሪያ ቤት በቀላሉ ምድብ በ"ሀ" ውስጥ ይወድቃል። አዋጁ ሲወጣ ትኩረቱ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ላይ ነበር፤ ለዚህም ነው በትንንሽ ከተሞች "ፈቃድ አያስፈልግም" የሚለው ወሬ ሥር የሰደደው። ከተማዋ ስታድግ ግን ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራውን ሕጋዊ ማድረግ ደግሞ ከመጀመሪያው ከማስፈቀድ የከበደ ነው። በሊዝ ቦታ ያገኘም ሰው ግንባታ የሚጀምርበት ጊዜ በውሉ የተገደበ መሆኑን፣ ጊዜው ካለፈ ቦታውን ሊነጠቅ እንደሚችል ሊያውቅ ይገባል። "ገዝቼ ላስቀምጠውና ልጆቼ ሲያድጉ እሠራዋለሁ" የሚለው ስሌት በሊዝ ሕግ አይሠራም።

ሐረር በኩል የሚያስቡ ሰዎች ደግሞ የተለየ ነገር ይገጥማቸዋል። በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ በግንቡ ውስጥ ቤት ማደስ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከግንቡ ውጭ የክልሉ የከተማ ወረዳዎች ሲኖሩ፣ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ የገጠር ወረዳዎች ናቸው። ክልሉ ትንሽ በመሆኑ ከከተማ ወደ ገጠር ወረዳ የሚደረገው ጉዞ በባጃጅ የሚያልቅ ነው፤ በሕግ ያለው ርቀት ግን ከላይ እንዳየነው ሩቅ ነው።

ቀድመው እንደ መምህሩ ተዋውለው ቤት የሠሩስ ምን ያድርጉ የሚል ጥያቄ ይቀራል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ነገር ተጨማሪ ሲሚንቶ አለማፍሰስ ነው። ሁለተኛው፣ ቦታው በቅርቡ ወደ ከተማ ክልል ይገባ እንደሆነና ሕጋዊ የማድረጊያ ሥርዓት ይኖር እንደሆነ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማጣራት ነው፤ ከደላላ አይደለም። ፍላጎታቸው በእርግጥም ጓሮ አትክልትና ዶሮ ከሆነ፣ ሕጉ የሚፈቅደው አንድ መንገድ አለ፤ ገበሬው መሬቱን በሕጉ ወሰን ማከራየት ይችላልና ያንን የብድር ወረቀት ቀዶ፣ ጊዜው የተገደበ የእርሻ ኪራይ ውል በመሬት ጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቦ መያዝ። መኖሪያውን ካርታ ባለው ቤት፣ በከተማው ውስጥ አድርጎ።

መምህሩ በመጨረሻ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ለሠሩት ቤት ጥቂት አስጨምረውላቸው ከልጆቹ ጋር ታረቁ፤ ዛሬ ድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን ሠፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ግቢ ይኖራሉ፣ ከዚያው መሬት ሩቡን ከልጆቹ ተከራይተው ቃሪያና ቲማቲም ያለማሉ። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ርዕሱ "የመሬት ኪራይ ውል" ይላል፣ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አለበት። ሮቶውን ከጣሪያው አውርደው ማሳው ዳር አቁመውታል፤ ኪራዩ ሲያልቅ ጭነውት ይወርዳሉ።